የአራስ ቤቱ መስኮት

ባለፈው ቅዳሜ ከገርጂ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በግንቦት ጠራራ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እማማ፣ ይቅርታ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ? ብርድ ይመታኛል» አለችኝ። ብርድ! የታክሲው ጣሪያ በእጅ አይነካም። ሾፌሩ ፊቱን በፎጣ ይጠርጋል፤ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ላብ ያጠምቃቸዋል። «ልጄ፣ ይኼ ንፋስ ነው እንጂ ብርድ አይደለም» አልኳት። «ያው ነው እማማ፣ ያመኛል» አለች። «እኔን ደግሞ ከተዘጋ ያመኛል።» ከኋላ አንዱ «እማማ እንዳይሰሟት፣ ልንቀቀል ነው እኮ!» ብሎ ጮኸና ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ልጅቱ አኩርፋ ጃኬቷን ራሷ ላይ ደፋች። እኔ መስኮቱን ጭራሽ እስከ መጨረሻው ገፋሁት። በግንቦት መስኮት ዝጊ ሲሉኝ የምሰማው ድምፅ የማንም ይሁን የማን የአንዲት ሴት ድምፅ ሆኖ ነው የሚገባኝ። ያን ቀን የምሄደውም ወደ እሷው ነበር።

አራስ ልጠይቅ ነው የምሄደው። የወለደችው ሳሮን ትባላለች፤ የባሌ ታላቅ እህት የእትዬ አረጋሽ የልጅ ልጅ ናት። ያ ድምፅ የእትዬ አረጋሽ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስላት ኖሬያለሁ። ፊት ለፊት አሁንም አንቱ እላታለሁ፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው። ይኼ ጽሑፍ ግን የእኔ ነውና እዚህ እሷ እላታለሁ። ስለ ሠርጌ፣ ስለ ጥሎሹ፣ በዚያ ቤት ስለበላሁትና ሳልበላ ስላደርኩት አልናገርም። እሱን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። የምናገረው ስለ አንድ መስኮት ብቻ ነው።

ያኔ የቦሌ መንገድ እንዲህ መስታወት በመስታወት አልነበረም። ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ባሕር ዛፍ ነበር። እሑድ እሑድ ሰው ለብሶ አጊጦ አውሮፕላን ሲነሣ ለማየት ወደ ማረፊያው ይወርዳል፤ ልጃገረዶቹ በናይለን ቀሚስ፣ ወንዶቹ እግሩ በሰፋ ሱሪ መሬት እየጠረጉ፣ ፀጉራቸው እንደ ሰፌድ ተነፍቶ። ከወሎ ሰፈር ፒያሳ ታክሲ በስሙኒ ነው። በሌላ ስሙኒ ለስላሳ ይጠጣል፤ ባለሱቁ ከውሃ በርሜል ውስጥ አውጥቶ ይሰጠንና ጠርሙሱን እዚያው ፊቱ ቆመን ጠጥተን እንመልስለታለን። ወሎ ሰፈር ካለው ጋራዥ ጥግ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ይውላል፤ አንዲት ዘፋኝ ስለሄደ ወዳጇ ስታንጎራጉር ዘይት የተቀቡት መካኒኮች ሳይቀሩ መፍቻቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። አሁን በዚያ ጥግ ሳልፍ ሆቴል ነው፤ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ቆም ካልኩ «እናቴ፣ ሰው ይፈልጋሉ?» ይለኛል። ሰው አልፈልግም። ቤቱ የነበረበትን ቦታ ነው የማየው።

የባሌ ቤተሰብ ቤት ከጋራዡ ጀርባ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ። ያ ቆርቆሮ ኩራታቸው ነው፤ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እኔ የቡልቡላ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ የሳር ቤት ልጅ። እትዬ አረጋሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሙሽራችን ቆርቆሮ ስር ስትተኛ ገና የመጀመሪያዋ ነው፤ ዝናቡ ሲያንኳኳ ደንግጣ ልትሞትብን ነበር እኮ!» እያለች ታስቅብኛለች። እውነት ነው፣ ደንግጫለሁ። ለእንግዶቹ ያልነገረቻቸው ግን በጋ ላይ ያ ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርግ ነው። ኮርኒስ የለውም። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ጧ ጧ እያለ ይንጣጣል፤ ቀትር ላይ ከስሩ የተቀመጠ ሰው አናቱ ይግላል፤ ሻማ ከቆመበት ይጎብጣል። በእኛ ሳር ቤት ከእርሻ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሳያስበው «እፎይ» ነው የሚለው። አባቴ በበጋ ጥጃ እንኳ ፀሐይ ላይ አያስርም ነበር፤ የዛፉ ጥላ በዞረ ቁጥር ካስማውን ነቅሎ ከጥላው ጋር ያዞራታል። እኔ ያደግኩት ይኼን እያየሁ ነው። ለዚህ ትምህርት አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን በቀለን የወለድኩት በግንቦት ነው። ሐኪም ቤት ወለድኩ፤ ስንወጣ ነርሷ ባሌን ጠርታ «ሙቀት ነው፣ ልጁን ጠቅልላችሁ እንዳታፍኑት፤ እናቲቱም ውሃ በደንብ ትጠጣ» ስትለው ሰምቻለሁ። እሺ አላት። እትዬ አረጋሽ ግን ልጁን ከበር ላይ ተቀበለችን። በፎጣው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ደረበችበት፤ ራሱ ላይ የሱፍ ቆብ አጠለቀች። እኔን ከጓዳው ጎን ያለችው ክፍል አስገባችኝ። የክፍሏን አንዲት መስኮት አስቀድማ አዘጋጅታታለች፤ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቃ፣ መስታወቱን በካርቶን ሸፍና በሚስማር መትታዋለች። አራስ ንፋስ አይንካት ነው። እንደ ደንቡ ደግሞ አራስ ብቻዋን ስትሆን ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ብረት ከአጠገቧ አይጠፋም፤ ሌላው ቢላ ያስቀምጣል፣ እሷ ቢላ ለልጁ ያስፈራኛል ብላ የብረት ዘነዘናዋን አምጥታ ከራስጌዬ አቆመችልኝ። ውሃ ስጠይቅ «አራስ ቀዝቃዛ አትጠጣም፣ ማህፀንሽ ይበርዳል» ትለኛለች። የሚሰጠኝ አጥሚት ነው፣ ትኩስ። በዚያ ቆርቆሮ ስር፣ በግንቦት ቀትር፣ ትኩስ አጥሚት!

ልጄ መጀመሪያ አለቀሰ። አንገቱ ስርና ብብቱ በሽፍታ ቀላ። ከዚያ ማልቀሱን ተወው፤ እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው። ጡቴን ስሰጠው አፉን ይከፍታል እንጂ አይስብም። ገላው እሳት፣ ከንፈሩ ደረቅ፤ ቆቡን አውልቄ እርግብግቢቱን ስዳስስ ጎድጉዷል። እትዬ አረጋሽ ገብታ አየችውና ሳትቀመጥ «እንጥሉ ወርዷል» ብላ ፈረደች። በዚያን ጊዜ ሕፃን ሲያተኩስና ጡት እምቢ ሲል እንጥል ቆራጭ መጥራት በየቤቱ የታወቀ ነው። ሰውየው በማይታጠብ ብረቱ የሕፃኑን እንጥል ከጉሮሮው ቆርጦት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የዳኑ ልጆች አሉ። ያልዳኑም አሉ፤ የእነሱን ስም ማንም አያነሣም።

«እትዬ፣ ልጁ ሞቆት ነው» አልኳት። «መስኮቱን እንክፈትለት፤ ይኼን ሁሉ ልብስ እናንሣለት።»

«ምን አልሽ? የአራስ ልጅ ንፋስ ላይ? የሳር ቤት ጭንቅላት! ልጅ ማሳደግና ከብት ማሳደግ አንድ መሰለሽ?»

«ከብቱም ሲሞቀው ይሞታል፣ እትዬ።»

«ዝም ብለሽ ተኚ። ሰውየውን ጠርቼ መጣሁ። ያንን መስኮት ደግሞ ብትነኪው!» ብላ ወጣች። በሩን እኔ ከፍቼ ንፋስ እንዳላስገባ ከውጭ ቀረቀረችው።

ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል። ልጄ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፏል። ከአልጋው ወዲያ፣ ከመስኮቱ በራቀው ጥግ አስተኛሁት። መጀመሪያ በጣቴ ካርቶኑን ገነጠልኩ። ፍሬሙን ገፋሁት፣ አልነቃነቅ አለኝ፤ በሚስማር ከግድግዳው ጋር ተሰፍቷል። ዞር ስል ዘነዘናው ራስጌዬ ቆሟል። ሰይጣን እንዲያባርርልኝ ራሷ ያቆመችልኝ ዘነዘና! ብድግ አድርጌ በሁለት እጄ መታሁት። መስታወቱ ወደ ውጭ ረገፈ። ሁለተኛ ስመታው ፍሬሙም ተከተለው።

አየሩ ገባ። ከሜዳው የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ገባ። ከጓሮ ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን «ምንድን ነው? ምን ተሰበረ?» ብላ መጣች። «ውሃ!» አልኳት። «እባክዎን ውሃ ይስጡኝ!» ምንም ሳትጠይቅ በጆግ ሞልታ በመስኮቱ አቀበለችኝ። ልጄን ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ፎጣውን ገፍፌ በስስ ሸሚዙ ብቻ አስቀረሁት። የነጠላዬን ጫፍ አርጥቤ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ ብብቱን ቀስ እያልኩ አበስኩለት። የቀረውን ውሃ እኔ እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ከዚያ ጡቴን ሰጠሁትና ጠበቅኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። እንደገና ሰጠሁት። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ተወው፣ ደግሞ አንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳበ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ያን መሳብ የሚያህል ግን አላየሁም።

በሩ ሲከፈት እኔ ቆሜያለሁ። በአንድ እጄ ልጄን ታቅፌ አጠባለሁ፣ በሌላው እጄ ዘነዘናውን ይዣለሁ። እትዬ አረጋሽ ከፊት፣ ሰውየው ከነቋጠሮው ከኋላ። መስኮቱን አየች። የመጀመሪያ ቃሏን እስከምሞት አልረሳውም። «ልጁስ?» አላለችም። «መስታወቴን!» ነው ያለችው። «የቤቴን መስታወት!»

«ልጄን አንድ እርምጃ የሚቀርብ ሰው ቢኖር፣ በዚህ ነው የምለው» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ሰውየው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየን። «እመቤት፣ ይኼ ልጅ እየጠባ አይደል እንዴ?» አላት። «የሚጠባ ልጅ ምኑ ይቆረጣል?» ቋጠሮውን ብብቱ ስር አደረገና ተመለሰ። ዘነዘናውን እያየ ነው የተመለሰው፤ ምክንያቱ የልጁ መጥባት ይሁን የእኔ ብረት አላውቅም፣ ግድም አልነበረኝም።

ባሌ ማታ ከሥራ ገባ። እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እህቱን አየ። ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። «ጌጤ፣ ተነሺ፣ እናትሽ ጋ ላድርስሽ» አለኝ። ፀሐይዋ በርዳ ስለነበር በጋሪ ወሰደን። እናቴ ከሳር ቤቷ ደጃፍ ሆና በቋንቋዋ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ!» አለችኝ፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ «እፎይ» አልኩ። እስከ ክርስትናው እዚያው ቆየሁ፤ በቀለም በዚያ ጣሪያ ስር በስስ ልብስ ተኝቶ፣ እንደ ልቡ ጠብቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ ወጣ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቂም አልይዝም ነበር። በክርስትናው ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አንዷ «መስኮታችሁን ምን ነካው?» ብላ ጠየቀች። እትዬ አረጋሽ ዓይኗን ሳታሽ «በረዶ ሰበረው» አለች። «የግንቦት በረዶ እንዴት እንደሚጥል ታውቂው የለ?» ስለ ልጁ ደግሞ «ታሞብኝ ነበር፤ ለእመቤታችን ተስዬ ነው ያዳንኩት» አለች። ታሞብኝ! አፌን ልከፍት ስል ባሌ አየኝ። በዓይኑ ለመነኝ፤ እህቱ ናት፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ፣ በየተዝካሩ፣ በየቀለበቱ ያ በረዶ ሲተረክ ኖረ። መጀመሪያ ሽምብራ ያህል ነበር። እኔ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ለውዝ አከለ። ልጆቹ ልጅ ሲወልዱ እንቁላል አክሎ ነበር። ልጆቿም፣ የልጅ ልጆቿም፣ ሳሮንም ሳትቀር በቃላቸው ያውቁታል። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳህኔን ይዤ ዝም ብዬ እበላ ነበር።

ዝም ያልኩት ግን በአፌ ብቻ ነው። በቤቴ መስኮት የሚከፈት መስኮት ነው። ጠራራ ሲሆን ጃንጥላዬንና የውሃ ጠርሙሴን ሳልይዝ ከደጅ አልወጣም። በቀለ ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዕቃ የሚጭኑ ሠራተኞች ኃላፊ ነው። አስፋልቱ ከስር፣ ፀሐይዋ ከላይ በምትጠብስበት በዚያ ሜዳ ሰዎቹን እያተካካ ጥላ ያሳርፋቸዋል፤ ውሃ ሳያጠጣ ማንንም አያሰማራም። አንዱ ራሱን አዙሮት ከተቀመጠ «ጠንክር» ብሎ አይቆጣም፤ ወደ ጥላ አስገብቶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ በእርጥብ ፎጣ አብሶ ሐኪም ይጠራለታል። «ማነው ይኼን ያስተማረህ?» ሲሉት «እናቴ፣ በዘነዘና» ይላቸዋል። አይገባቸውም፣ ይስቃሉ። ለእሱ ነግሬዋለሁ። የራሱ ታሪክ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ተካስኩ። ከመድኃኔዓለም በታች ያለ አንድ ምግብ ቤት ግቢው ውስጥ የሳር ጎጆ አሠርቷል፤ የሳሮን ቀለበት እዚያ ነበር። ሰው ከመስታወቱ አዳራሽ እየሸሸ ጎጆው ስር ወንበር ይሻማል። እትዬ አረጋሽ መሀል ላይ ተቀምጣ፣ ሻሿን ፈታ አድርጋ «ወይ ቅዝቃዜው! እንዴት ደስ ይላል ልጆች!» አለች። እኔ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ እሷን አየኋት። ለስላሳዋን ጠጣች።

ቅዳሜ ዕለት እንግዲህ ሊፍቱ አወጣኝና ደወልኩ። የሳሮን ባል ከፈተልኝ፤ ገና እግሬን ሳላስገባ ከውስጥ «በሩን ዝጉት! ንፋስ!» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁ አርጅቷል እንጂ ያው ነው። ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት። መጋረጃው ተጋርዷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፤ የተገዛው ቬንትሌተር ለሕፃን አይሆንም ተብሎ ከነካርቶኑ ጥግ ቆሟል። እትዬ አረጋሽ ከምርኩዟ ጋር ሶፋው ላይ ናት። ሳሮን ልጇን ታቅፋለች፤ ልጁ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከነቆቡ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«እማማ ጌጤ፣ እንኳን መጡልኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ከጠዋት ጀምሮ በደንብ አልጠባም። ፎርስ ላደርገው እሞክራለሁ፣ እንቅልፍ ብቻ ነው። በጣም ስትሬስ ሆኛለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ደግሞ ሁሉም ያስፈራል። አያቴ ደግሞ መስኮት አይከፈትም ትለኛለች።»

ልጁን ተቀበልኳት። ጀርባው እሳት ነው። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩ፣ ቆቡን አወለቅኩ፣ በስስ ልብሱ አስቀረሁት፤ በልጅ ነፍስ ቂሜን አልወጣም። ባሏን «ለሚስትህ ውሃ አምጣላት፣ በትልቁ ብርጭቆ» አልኩት። «ለልጁስ?» አለ። «ለልጁ ውሃ አይሰጥም። የእሱ ውሃ የእናቱ ጡት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ትስጠው። የመኪናህን ቁልፍ ደግሞ እጅህ ላይ አድርግ። አሁን አልስብ ካለ፣ ወይም ግለቱ ካልወረደለት፣ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው፤ እስከ ነገ የሚባል ነገር የለም።» ሳሮን ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ውሃ እንዳልሰጧት አወቅኩ።

የቀረው መስኮቱ ነው። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ግን ዞር ብዬ እትዬ አረጋሽን አየኋት። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ልጠብቃት ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅም።

«እትዬ» አልኩ፣ «ይከፈት?»

ምርኩዟን በሁለት እጇ ጨብጣለች። የተገፈፈውን ብርድ ልብስ አየች፣ ልጁን አየች፣ ክንዱ እንዴት እንደተንጠለጠለ አየች። በጣም አርጅታለች። ነገር ግን አልረሳችም፤ ይኼን ያወቅኩት ዓይኗ ከልጁ ተነሥቶ ወደ እጆቼ ሲሄድ ነው፣ የያዝኩት ነገር እንዳለ ሁሉ።

«ክፈቺው» አለች። ቀጥላም፣ እንደ ልማዷ በቁጣ፣ «ይኼኛው በእጅ ይከፈታል፤ ዘነዘና አያስፈልገውም።»

መጋረጃውን ገፍቼ መስታወቱን እስከ ዳር አንሸራተትኩት። ንፋሱ ከነመንገዱ ጫጫታ ገባ፣ መጋረጃውን አነሣው። ሳሮን ልጇን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አፉን ከፈተ፣ ተወው፣ ደግሞ ከፈተ። ከዚያ የሳሮን ትከሻ ድንገት ወረደና «ሳበ» አለች። «እማማ ጌጤ፣ ሳበ!» እያለቀሰች ትስቃለች፤ ባሏ የመኪናውን ቁልፍ እንደጨበጠ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ሳሮን ፊቷን እየጠረገች ነገሩ ትዝ አላት። «ቆይ እንጂ አያቴ፣ የምን ዘነዘና ነው? የወሎ ሰፈሩን መስኮት በረዶ አልነበር እንዴ የሰበረው?»

እትዬ አረጋሽ ወደ እኔ አየች። ባሌ ያኔ እንዳየኝ አየችኝ። እኔ ግን አንድ ወንበር መስኮቱ ስር፣ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ስቤ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

«ይንገሯት እንጂ፣ እትዬ» አልኩ። «እኔም ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

ጉሮሮዋን ጠረገችና ጀመረች።